የአውሮፓ ጥንታዊ ከተሞች፦ ያቆያቸው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ አራዳ ጊዮርጊስ

ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ምክንያት ፖላንድ ሄጄ የዋርሶን አሮጌ ከተማ የማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። በመጪው መስከረም ደግሞ ለስብሰባ ወደ ብራስልስ ስለምሄድ፣ ከስብሰባው በኋላ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ጥንታዊና ትንንሽ ከተሞችን ለማየት አስቤአለሁ። የትኛው ከተማ ይበልጥ ያምራል ብዬ ለመጠየቅ አይደለም፤ ውበታቸውን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በየቦታው ሞልቷል። የእኔ ጥያቄ አንድ አሮጌ ከተማ እንዴት ሳይፈርስ ይቆያል፣ ሲታደስስ ነዋሪው የት ይደርሳል የሚል ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚጓዝ ሰው የትኞቹን ከተሞች ቢያይ ይጠቅመዋል ትላላችሁ?

ጥያቄውን ያሳደረብኝ ዋርሶ ነው። የአሮጌውን ከተማ አደባባይ የከበቡት ቤቶች ቀጠን ቀጠን ብለው እርስ በርስ የተያያዙ፣ ግንባራቸው በቢጫ፣ በሮዝና ፈዘዝ ባለ አረንጓዴ የተቀባ፣ አንዳንዶቹም በሥዕልና በቅርጽ ያጌጡ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያቸው ሰው ብዙ መቶ ዓመታት እንደቆዩ አይጠራጠርም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1944 የዋርሶ ሕዝብ በናዚ ጀርመን ላይ ካመፀ በኋላ ጀርመኖች ከተማዋን ሆን ብለው እያቃጠሉና በፈንጂ እያፈረሱ ከታሪካዊው ማዕከል ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነውን አውድመውታል። ዛሬ የሚታየው ከዚያ በኋላ የተሠራው ነው። መልሰው የሠሩት ባለሙያዎች በርናርዶ ቤሎቶ የተባለው ጣሊያናዊ ሠዓሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሣላቸውን የከተማዋን ሥዕሎች፣ ከጦርነቱ በፊት የሥነ ሕንፃ መምህራንና ተማሪዎች የወሰዷቸውን ልኬቶችና ንድፎች፣ እንዲሁም ከፍርስራሹ የተለቀመውን ጡብ ሳይቀር ተጠቅመዋል። የአደባባዩ ቤቶች በአብዛኛው በ1953 ሲጠናቀቁ፣ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ግን እንደገና መሠራት የጀመረው በ1971 ነበር። ዩኔስኮም አሮጌውን ከተማ በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ በአንድ በኩል ሕዝቡ የተነጠቀውን ከተማ ለማስመለስ ያሳየው ጽናት ልቤን ነክቶታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በእጄ የዳሰስኩት ግድግዳ ከእናቴ ዕድሜ ብዙም እንደማይርቅ ሳስብ፣ ያየሁት ከተማውን ነው ወይስ የከተማውን መታሰቢያ የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ምን ያህል እንደተለወጠ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ መንደሮች ዛሬ የሉም፣ አብረውን ያደጉ ጎረቤቶችም ወደ ከተማዋ ዳር ተበትነዋል። ስለዚህ የሌላ አገር አሮጌ ሰፈር ሳይ ከድንጋዩና ከጡቡ ጋር የሰዎቹንም ታሪክ ማወቅ እፈልጋለሁ። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የጻፍኳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ፦ የፍላንደርስ ተማሪ

ብራስልስ ድረስ ከሄዱ ብሩዥን ማየት አለብዎት፤ በባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት፣ ለጥያቄዎም ቀጥተኛ መልስ አላት። ብሩዥ በመካከለኛው ዘመን የሰሜን አውሮፓ ዋና የገበያ ከተማ ነበረች፤ የእንግሊዝ ሱፍ ይራገፍባት፣ የፍላንደርስ ጨርቅ ይጫንባት፣ የጣሊያን ነጋዴዎችና ገንዘብ አበዳሪዎችም ቤት ከፍተው ይኖሩባት ነበር። ከባሕር የሚያገናኛት ዝዊን የተባለው የውኃ መግቢያ ግን ቀስ በቀስ በደለል ተሞልቶ፣ በ1500 ገደማ ትልልቅ መርከቦች ሊደርሱባት ስላልቻሉ ንግዱ ወደ አንትወርፕ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ክፍለ ዘመናት ለብሩዥ ሰዎች የችግር ዘመን ነበሩ። አሮጌ ቤት አፍርሶ አዲስ ለመሥራት የሚያስችል ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበረ፣ ሌሎች ከተሞች በፋብሪካና በሰፋፊ ጎዳናዎች ሲለወጡ እርሷ በነበረችበት ቆየች። ዛሬ ጎብኚው የሚያደንቃቸው ቦዮች፣ ድልድዮችና ጠባብ መንገዶች የተረፉት ከተማዋ ስለደኸየች ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ ጥንታዊ ገጽታዋ ሀብት መሆኑን ስትረዳ ብዙ የቤት ግንባሮች ጎቲክ በሚባለው የመካከለኛው ዘመን የሕንፃ ስልት ታደሱ፤ አንዳንዶቹም ከታደሱ በኋላ ቀድሞ ከነበሩት ይበልጥ ጎቲክ መሰሉ። ይህን የምነግርዎት ስለ ዋርሶ ያደረብዎት ጥርጣሬ እኔም ዘንድ ስለነበረ ነው። ብዙዎቻችን የዋርሶን ቤቶች እንደ አዲስ፣ የብሩዥን ደግሞ እንደ ጥንታዊ እንቆጥራለን፤ በቅርበት ሲታይ ግን ሁለቱም በየዘመናቸው የተደረጉ ውሳኔዎች ውጤት ናቸው። 83 ሜትር ከፍታ ያለው የገበያው ደወል ቤት 366 ደረጃዎች አሉት፤ ጉልበትዎ ከፈቀደ ይውጡት፣ ምክንያቱም ከላይ ሆነው የጣሪያዎቹን አሰላለፍ ሲመለከቱ የመንገዶቹ አቀማመጥ ከቤቶቹ ግንባር ይልቅ የቆየ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

ወደ ደቡብ ጀርመን የሚያልፉ ከሆነ ሮተንቡርግንም ልጠቁምዎ። በግንብ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት፤ እርሷም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተካሄደው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት በኋላ ደኽይታ በነበረችበት ከቆየች በኋላ በመጋቢት 1945 የአየር ድብደባ ደርሶባት 40 በመቶ ያህሏ ወድሟል። የፈረሰው የከተማ ግንብ የተሠራው ከልዩ ልዩ አገሮች በተሰበሰበ መዋጮ ሲሆን፣ በግንቡ ላይ ባለው መተላለፊያ ሲሄዱ የለጋሾቹን ስም የያዙ ድንጋዮች በግድግዳው ላይ ተቀምጠው ያገኛሉ። እንደ ዋርሶ ሁሉ እዚህም የተሠራው እንደተሠራ በግልጽ ተጽፏል፤ በበኩሌ ይህን ግልጽነት ከማንኛውም አስመስሎ የተሠራ ጌጥ አስበልጬ አከብረዋለሁ።

መልስ፦ የከተማ ፕላን ባለሙያ

ከላይ የተሰጠው መልስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጠያቂያችን አጥብቀው የጠየቁት ስለ ነዋሪው ስለሆነ፣ እኔ ወደ ጣሊያን ወስጄ ቦሎኛን ላሳያቸው እወዳለሁ። ቦሎኛ ከቬኒስና ከፍሎረንስ መካከል ሆና ብዙ ጊዜ በባቡር መስኮት ብቻ የምትታይ ከተማ ናት፤ እኛን ለመሰለ ሰው ግን ከሁለቱም ይልቅ የምታስተምረው ነገር አላት።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የአውሮፓ ከተሞች አሮጌ ሰፈሮቻቸውን በሁለት መንገድ ይይዙ ነበር። አንዳንዶቹ ንጽሕና ይጎድላቸዋል፣ ይፈርሳሉ በሚል ምክንያት አስወገዷቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ አሳምረው ካደሷቸው በኋላ የቤት ኪራዩ ስለናረ የቀድሞው ነዋሪ ሳይወድ ለቆ ወጣ። የቦሎኛ ማዘጋጃ ቤት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ከሁለቱም የተለየ ነበር። ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት መሥሪያ የተመደበው የመንግሥት ገንዘብ ከከተማው ዳር አዲስ ሕንፃ ከመገንባት ይልቅ በማዕከሉ ያሉትን አሮጌ የሠራተኛ ቤቶች ለማደስ ይዋል፣ ነዋሪውም እድሳቱ ሲያልቅ ወደዚያው ይመለስ የሚል ነው። ይህን ለማድረግ በመጀመሪያ ቤቶቹን በዓይነት በዓይነታቸው አጠኑ። ጠባብ ግንባር ኖሮት ወደ ኋላ የሚረዝመው የእጅ ባለሙያ ቤት፣ ግቢ ያለው ትልቅ ቤት፣ ገዳምና መጋዘን የነበረው ሁሉ ለምን ዓይነት አገልግሎት ሊሆን እንደሚችል ተለይቶ ተቀመጠ። ሐውልትና ቤተ መንግሥት ብቻ ቅርስ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚያ ላይ ተሸነፈ፤ ተራው የኪራይ ቤትም ከነነዋሪው ቅርስ ሆኖ ተቆጠረ።

እውነቱን ለመናገር ዕቅዱ እንደታሰበው ሁሉ አልተፈጸመም። ቤቶቹን ከባለቤቶቻቸው ለሕዝብ ጥቅም የመውሰዱ ሐሳብ ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ተትቶ፣ በምትኩ ባለቤቱ የእድሳት ድጎማ ሲቀበል ኪራዩን በተወሰነ ልክ ለመያዝ የሚዋዋልበት መንገድ ተመረጠ፤ የታደሱት ቤቶች ቁጥርም በመጀመሪያ ከታለመው ያነሰ ሆነ። ቢሆንም ሐሳቡ በሥራ ተፈትኖ መታየቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በሙያችን ስለ አሮጌ ሰፈሮች ሲነሣ ዛሬም ድረስ ስሙ የሚጠራው ለዚህ ነው።

ሲሄዱ በእግር ይዘዋወሩ፤ ፀሐይም ዝናብም አያገኝዎትም። ከተማዋ በጠቅላላው 62 ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ከቤቶች ሥር የሚያልፍ በዓምድ የተደገፈ መተላለፊያ አላት። አመጣጡ እንዲህ ነው፦ በመካከለኛው ዘመን ሕዝቡ ሲበዛ ባለቤቶች የላይኛውን ፎቅ ወደ መንገዱ አስወጥተው በእንጨት ዓምድ ይደግፉት ነበር፤ ከተማዋም ይህን ከመከልከል ይልቅ በ1288 በወጣ ደንብ መተላለፊያው እንዲኖር ግዴታ አደረገችው። መሬቱ የባለቤቱ ሆኖ መንገዱ ግን የሁሉም ነው። ፒያሳ ዝናብ ሲይዘን በየሱቁ በረንዳ ሥር ተጠልለን ላደግን ሰዎች ይህ ሕግ ምን ያህል ለእግረኛ የታሰበ እንደሆነ ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ዩኔስኮ መተላለፊያዎቹን በ2021 መዝግቧቸዋል።

ጊዜ ካለዎት ከዚያ ወደ ሲዬና ይሂዱ። ካቴድራሏን በዓለም ትልቁ ለማድረግ በ1339 የጀመሩት ማስፋፊያ ከ1348ቱ ታላቅ ወረርሽኝ በኋላ ቆሞ ቀርቷል፤ ጣሪያ አልባው ትልቅ ግድግዳ አሁንም እንደቆመ አለ። የበለጠ የሚገርመው ግን የሰፈሮቿ ማኅበራት ናቸው። ከተማዋ በ17 ሰፈሮች የተከፈለች ሲሆን፣ እያንዳንዱ የራሱ ዓርማ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መዘክርና ምንጭ አለው። በየዓመቱ ሐምሌ 2 እና ነሐሴ 16 በእነርሱ አቆጣጠር የሚካሄደው የፈረስ ውድድር ለጎብኚ የተዘጋጀ ትርኢት አይደለም፤ ሰፈሮቹ እርስ በርስ የሚፎካከሩበት የራሳቸው በዓል ነው። ከአሮጌው ከተማ ወጥቶ ዳር የሚኖር ሰው እንኳ የተወለደበትን ሰፈር አይለቅም፤ ልጁንም ያስመዘግብበታል። የተበተኑ ጎረቤቶች በምን ሊያያዙ ይችላሉ ለሚል ሰው ይህ ሊታይ የሚገባ ነው።

መልስ፦ መንገደኛዋ

በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከተቻለዎት በትንንሾቹ ከተሞች ይደሩ። በኦስትሪያ ሐይቅ ዳር ያለችው ሃልሽታት ነዋሪዋ ከ800 በታች ሆኖ ሳለ፣ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት በቀን እስከ 10,000 ሰው ይጎርፍባታል፤ ቬኒስም በ2024 በተመረጡ ቀናት ለአንድ ቀን ከሚመጣ ጎብኚ 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምራለች። በታሪካዊው የቬኒስ ማዕከል በ1950ዎቹ መጀመሪያ 170,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከ50,000 በታች ነው። ድንጋዩ ሁሉ በቦታው እያለ ነዋሪው ሊያልቅ እንደሚችል ከዚያ በላይ የሚያሳይ ከተማ አላየሁም። የአውቶቡሶቹ እንግዶች ከሄዱ በኋላ በምሽትና በማለዳ ሲዘዋወሩ የትኛው መስኮት መብራት እንዳለው፣ ዳቦ የሚገዛ ሰው፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ እንዳለ ወይም እንደሌለ ያያሉ። ለእርስዎ ጥያቄ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ጠያቂው፦ አራዳ ጊዮርጊስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ የቦሎኛው ታሪክ የፈለግሁት ዓይነት ነው፤ የከተማ ፕላን ባለሙያው ጉድለቱንም ሳይሸሽጉ ስለነገሩኝ ይበልጥ አምኜዋለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ነዋሪው ራሱ ተነሥቶ ሰፈሩን ከመፍረስ ያዳነበት ከተማ ታውቃላችሁ? ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የሚያገናኝ ነገር ያለው ቢሆን ደግሞ ጉዞዬ ይበልጥ ትርጉም ይኖረዋል።

መልስ፦ የግዕዝ ጥናት ወዳጅ

ሁለቱንም የሚያሟላ ከተማ አለ፤ ኤርፉርት ይባላል፣ የሚገኘውም በመካከለኛው ጀርመን ነው። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን፣ በ1980ዎቹ፣ በከተማው ውስጥ ያለው የአንድሬያስ ሰፈር ቤቶች ሳይጠገኑ ቆይተው ስለተጎዱ፣ ሰፈሩን አፍርሶ ሰፊ መንገድና አዳዲስ ሕንፃዎች ለመሥራት ታቅዶ ማፍረሱም ተጀምሮ ነበር። ነዋሪዎችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ግን በዚያ ሐሳብን መግለጽ በማይደፈርበት ጊዜ ተቃወሙ፤ በታኅሣሥ 1989 ሥርዓቱ ሲንገዳገድ ብዙ ሺህ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው አሮጌውን ከተማ ከበቡት። ማፍረሱ ቆመ፤ ሰፈሩም በኋላ ታድሶ ዛሬ ሰው ይኖርበታል።

በዚያው ከተማ የነጋዴዎች ድልድይ የሚባል፣ በ1325 በድንጋይ የተሠራ ድልድይ አለ። በሁለቱም ጠርዝ ቤቶች ስለተደረደሩበት በላዩ ሲያልፉ ወንዝ መሻገርዎን እንኳ አያውቁም። ዛሬ 32 ቤቶች አሉት፤ ከታች የእጅ ባለሙያዎች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ነው።

አሁን ወደ ታሪካችን ልምጣ። የአገራችንን ታሪክና ቋንቋዎች ያጠናው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1624 የተወለደው እዚሁ ኤርፉርት ነው። በ1649 ሮም ሄዶ ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ የመካነ ሥላሴው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስም በ1652 በጎታ መስፍን ተጋብዘው በዚያ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ስለ አገራችን ታሪክ፣ ሥርዓትና ቋንቋ አስረዱት። ሉዶልፍ በኋላ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መሠረቱ ያ ትውውቅ ነው። ጎታ ከኤርፉርት በባቡር ከግማሽ ሰዓት ያነሰ መንገድ ናት፤ ፍሪደንሽታይን የተባለው ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ከከተማዋ በላይ ጎልቶ ይታያል። አንድ የኢትዮጵያ ሊቅ ከዛሬ 370 ዓመት በፊት እዚያ ተቀምጦ ማስተማሩን የሚያውቅ መንገደኛ ያን ሕንፃ በተለየ ዓይን እንደሚያየው አልጠራጠርም።

ሮም ካለፉ ደግሞ በቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ሲሆን፣ በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ሮም ላይ ሲታተም ከዚያ የነበሩ አበው እጅ ነበረበት፤ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮንም የዚያው ቤት ሰው ነበሩ። ቦታው ከቫቲካን ቅጥር በስተ ውስጥ ስለሆነ እንደ ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት በቀላሉ አይገባበትም፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

መልስ፦ የባዝ ነዋሪ

ዘግይቼ ቢሆንም የምኖርበትን ከተማ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ባዝ በምዕራብ እንግሊዝ ያለች፣ ሮማውያን በፍል ውኃዋ ዙሪያ የሠሯት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በማር መልክ ድንጋይ እንደ አዲስ የተገነባች ከተማ ናት። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ጀምሮ በስደት የተቀመጡት እዚሁ፣ ፌርፊልድ ሀውስ በተባለው ቤት ነበር። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማው ሰጥተዋል፤ ዛሬም ስጦታቸውን የሚያስታውሱ ሰዎች ይንከባከቡታል። ለመጎብኘት ከመምጣትዎ በፊት የሚከፈትበትን ቀን ያጣሩ።

ይሁንና ባዝን የጠቀስኩት ለዚህ ብቻ አይደለም። ጎብኚ ሁሉ የሚያየው ሮያል ክሬሰንት የተባለውን፣ በ1767 መሠራት የጀመረውንና 30 ቤቶችን በግማሽ ክብ የያዘውን ሰልፍ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ከተማዋ እነዚህን የባለጸጋ ቤቶች በጥንቃቄ ጠብቃ፣ በዚያው ዘመን የተሠሩትን የሠራተኛውን፣ የአናጢውንና የአጣቢዋን አነስተኛ ቤቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ አፍርሳለች። በምትካቸው የቆሙት ሕንፃዎች ዛሬ ከተማዋ የምትኮራባቸው አይደሉም። ሕዝቡ ጮኾ ማፍረሱ እንዲቆም ሲደረግ ብዙው ሄዶ ነበር። የቀሩት ትንንሽ ቤቶች አሁን ዋጋቸው ከአቅም በላይ ሆኗል፤ የተሠሩላቸው ዓይነት ሰዎች ሊኖሩባቸው አይችሉም። በ1987 ዩኔስኮ ከተማዋን ሲመዘግብ የተመዘገበው ከዚያ የተረፈው ነው።

ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። እንግሊዝ በሼንገን ቪዛ እንደማይገባባት ግን ያስታውሱ፤ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፣ ጊዜም ይወስዳል።

ጠያቂው፦ አራዳ ጊዮርጊስ

የተከበሩ የባዝ ነዋሪ፣ ስለ ትንንሾቹ ቤቶች የጻፉትን ለቤተሰቤ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። የእንግሊዝ ቪዛ በዚህ ጉዞ አይደርስልኝም፤ ፌርፊልድ ሀውስን በሌላ ጊዜ አያለሁ። ከብራስልስ ወደ ብሩዥ ሄጄ እዚያው አድራለሁ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ኤርፉርትና ጎታ፣ በመጨረሻም ወደ ቦሎኛ ለመሄድ ወስኛለሁ። የከተማ ፕላን ባለሙያውን ግን አንድ ነገር ልለምን፦ በ1970ዎቹ ከታደሱት የቦሎኛ የሠራተኛ ቤቶች በየትኛው መንገድ የሚገኙትን ባይ ይሻላል? የመንገዶቹን ስም ብቻ ቢጽፉልኝ በቂዬ ነው።